ለጡንቻ በሽታ ጥናት ከትንኝ እንጀምር

አተላ በተደፋበት፣ ሙዝ በበሰበሰበት ሁሉ የምታንዣብበውን ቀይ ዓይን ትንኝ የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። ወገኗ ድሮሶፊላ ይባላል፤ ማንጎን የምታበላሸው የፍራፍሬ ዝንብ ሌላ ናት። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የጡንቻ በሽታን ማጥናት የሚፈልግ ቤተ ሙከራ የአይጥ ቤት እስኪሟላለት መቀመጥ የለበትም፤ ትንኟ ለመነሻ ትበቃዋለች።

በሰው ላይ በሽታ ከሚያስከትሉት ዘረ መሎች 75 በመቶ ያህሉ በእሷም አቻ አላቸው። ወንዶች ልጆችን መራመድ የሚያሳጣው የዱሼን በሽታ የሚመጣው የዲስትሮፊን ዘረ መል ሲበላሽ ነው። እሷም ይኸው ሲጎድላት ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ጡንቻዋ ይመነምናል፣ ሽቅብ መውጣትም ያቅታታል። ጉድለቱ ያለባቸው ዘሮች አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ካለው የክምችት ማዕከል ይታዘዛሉ።

ምግቧ ቀላል ነው፦ ለ1 ሊትር ውሃ 70 ግራም የበቆሎ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ 20 ግራም እርሾና 10 ግራም አጋር (ገንፎውን የሚያረጋ ከባሕር አረም የሚሠራ ዱቄት)። ሻጋታ የሚከላከለው 5 ሚሊ ሊትር ፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚጨመረው ገንፎው ወደ 60 ዲግሪ ሲበርድ ነው፤ እየፈላ ከተጨመረ ይተናል።

የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። በ25 ዲግሪ በ10 ቀን ክንፍ የምታወጣው ትንኝ በ18 ዲግሪ እጥፍ ጊዜ ይፈጅባታል። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መብራት ጠፍቶ አንዱ መደርደሪያ ቀድሞ ከቀዘቀዘ የብርዱ ልዩነት የበሽታ መስሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ጤነኞቹና ጉድለት ያለባቸው በአንድ ማሞቂያ ሳጥን ጎን ለጎን ይደጉ።

የመውጣት ፈተናውም ቸኮል የሚባልበት አይደለም። 10 እኩያ ወንድ ትንኞች በብልቃጥ ይገባሉ፤ መታ ተደርገው ከወረዱ በኋላ በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ያለፉት ይቆጠራሉ። በየደቂቃው ልዩነት ይደገማል። ለመለየት ሲባል በካርቦን ዳይኦክሳይድ የደነዘዙ ትንኞች 24 ሰዓት ሳይሞላቸው ከተፈተኑ ድካሙ የጋዙ ነው። ጡንቻዋ የደከመ ትንኝ ደግሞ እርጥብ ገንፎ ላይ ከወደቀች ተጣብቃ ትሞታለች፣ በሽታው የገደላትም ይመስላል። ብልቃጡ ይጋደም፣ ምግቡም በየ2 እና 3 ቀኑ ይለወጥ።

ትንኝ የደም ሥር መረብ የላትም፤ በሰው ጡንቻ ላይ የሚደርሰውን የብግነት (የመቆጣት) ሂደት ሁሉ አታሳይም። በእሷ የሠራ መድኃኒት በአይጥ ሳይፈተን ለልጅ አይታሰብም።