ስንት ሕግ አወጣች?

የኒው ዮርክ ስቴት ሴኔት (የስቴቱ ላይኛው ሕግ አውጪ ምክር ቤት) 63 አባላት አሉት። አንዷ ሳምራ ብሩክ ናት። አባቷ ከኢትዮጵያ የመጣ ስደተኛ ነው። በ2020 ተመርጣ ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ እኔ የምኖርበትን የሮቸስተርን አካባቢ ትወክላለች (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐበሻ በተሰበሰበበት ስሟ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ልጃችን እስካሁን ስንት ሕግ አወጣች?»

የአጥቂን ጎል እንደመቁጠር ያለ ጥያቄ ነው። ደግሞ መልስ አለው፤ የሚገርመኝም እሱ ነው። የሴኔቱን ድረ ገጽ ከፍተህ ስሟን ከነካህ ያቀረበችው ረቂቅ ሁሉ ተደርድሮ ይመጣል። እያንዳንዱ ረቂቅ ቁጥር አለው፣ አቅራቢ አለው፣ አብረው የፈረሙ ደጋፊዎች አሉት። ከሥሩ ደግሞ የት እንደደረሰ ያሳያል፦ ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ ለምክር ቤቱ ቀርቧል፣ ሴኔቱ አሳልፎታል፣ ታችኛው ምክር ቤት አሳልፎታል፣ ለገዥዋ ተልኳል፣ ተፈርሟል፣ ወይም ውድቅ ተደርጓል። ማን ደገፈ ማን ተቃወመ የሚለውም በስም ተጽፏል።

አብዛኛው ረቂቅ ኮሚቴ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የምክር ቤቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ሁለቱ ዓመት ካለቀ ያላለፈው ሁሉ ይሞታል። ያቀረበው ሰው ካልተሰላቸ በአዲሱ ዘመን በአዲስ ቁጥር እንደገና ያስገባዋል። አሥር ዓመት እንዲህ ሲንከባለል የኖረ ረቂቅ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ቁጥሩን ብቻ ይዘህ ከሄድክ ግን ትሸወዳለህ። በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፈው ገዥዋ ጋ የሚደርሱት በየዓመቱ ብዙ መቶ ናቸው። ዝም ብለህ ብታነባቸው ግማሹ ያስቅሃል። አንዱ ለድልድይ የሟች ወታደር ስም የሚሰጥ ነው። ሌላው የግብር ነፃ ማመልከቻውን ቀን ያሳለፈ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዘግይቶም ቢሆን እንዲያስገባ የሚፈቅድ ነው። አዎ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሕግ! ለዚያ ምእመን ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ተቃዋሚ ስለሌለው ግን ሰተት ብሎ ያልፋል። በምርጫ ሰሞን «ይህን ያህል ሕግ አሳልፌያለሁ» የሚል ፖስት ካርድ ቤትህ ሲመጣ እነዚህም አብረው ተቆጥረዋል። ሌላው ያቀረበውን በደጋፊነት ብቻ ፈርሞ የራሱ ያስመሰለም አይጠፋም። በዚያ ላይ ፓርቲው አናሳ የሆነበት አባል የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ረቂቁን ውሃ ይበላዋል። ኮሚቴውን የሚመራው ማነው? ብዙኃኑ ፓርቲ ነዋ።

ወደ ሳምራ ልመለስ። የሴኔቱ የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡና አእምሯዊ ቀውስ ለገጠማቸው ሰዎች የተዘጋጀውን የ988 ስልክ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚያደራጀው ሕግ የእሷ ነው፤ በ2021 ማብቂያ ተፈርሟል። እሱ ተቆጥሯል፣ ጥሩ ነው።

ስሟ ይበልጥ የሚነሳበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በመጋቢት 2020 እዚሁ ሮቸስተር ውስጥ ዳንኤል ፕሩድ የሚባል ጥቁር ሰው አእምሮው ታውኮ በሌሊት መንገድ ላይ ወጣ። ቤተሰቡ እርዳታ ፈልጎ ደወለ። የመጣው ፖሊስ ነበር። በረዶ እየጣለ፣ ራቁቱን ሳለ፣ በካቴና አሥረው ጭንቅላቱን በከረጢት ሸፈኑት፤ አስፋልት ላይ ተጭነው ያዙት። ከሳምንት በኋላ ሞተ። ቪዲዮው የወጣው መስከረም ላይ ነው፤ ከተማው ለብዙ ቀን በሰልፍ ተናጠ። ሳምራ ያቀረበችው ረቂቅ በሟቹ ስም የዳንኤል ሕግ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰው አእምሮው ሲታወክ መጀመሪያ የሚደርስለት ጠመንጃ የታጠቀ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ይሁን።

ረቂቁ በ2021 ቀረበ፣ አላለፈም። እንደገና ቀረበ። በ2025ም ገና ሕግ አልሆነም። ጎል ቆጣሪው ዜሮ ነው የሚልህ። በዚህ መሃል ግን ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቁሟል፤ በ2025ቱ በጀት ደግሞ ለሙከራ ሥራ 8 ሚሊዮን ዶላር ተይዟል። እዚህ አገር ትልቁ ሕግ የሚወጣው በበጀት ውስጥ ነው። ገዥዋና የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች በር ዘግተው ሲጨቃጨቁ በረቂቅ ያላለፈው ነገር በጀት ላይ ተለጥፎ ያልፋል። በረቂቁ መዝገብ ላይ ግን «ተፈረመ» የሚል ቃል የለም።

እኔን የሚያስቀናኝ እንግዲህ ያለፈው ሕግ አይደለም። ያላለፈው ነው። ወድቆም ከነባለቤቱ ስም ተጽፎ መቀመጡ። «ምን ሞከርሽ? የት ላይ ቀረ? ማን ያዘብሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው እሱ ስላለ ነው።

አገር ቤት የስቴት ሴናተር ትክክለኛ አቻ የፓርላማ አባል አይደለም፤ የክልል ምክር ቤት አባል ነው። ሕገ መንግሥቱ ለክልሎች ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቷል፤ ጨፌ ኦሮሚያም የአማራ ክልል ምክር ቤትም አዋጅ ያወጣሉ። እስቲ ግን የመረጥከውን የክልል ምክር ቤት አባል ስም ጥራ። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ምልክቱን ነው የሚያስታውሰው፦ ድሮ ንብ፣ በ2013ቱ የእኛ ዘመን ምርጫ ደግሞ አምፖል። የአማራ ክልል አዋጆች የሚወጡበትን ዝክረ ሕግ ገልጠህ ብታነብ መጨረሻው ላይ የርዕሰ መስተዳድሩን ስም ታገኛለህ። ሐሳቡን ማን አመጣው? አይታወቅም። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣም ከሥሩ የፕሬዚዳንቱ ስም ነው ያለው። ያ ፕሬዚዳንት ደግሞ ሕግ መከልከል አይችልም፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም አዋጁ ያለ ፊርማው ይጸናል።

ዜናውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ረቂቅ አዋጁ ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል።» ከዚያ በሌላ ቀን «በአብላጫ ድምፅ ፀደቀ»፣ አንዳንዴም «በአንድ ተቃውሞ»። በ2002ቱ የእኛ ዘመን ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ የተቀመጠውም ግርማ ሰይፉ ነው። ስለዚህ ያኔ ተቃውሞ ሲባል የማን እጅ እንደሆነ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር።

ለፍርድ እንዳልቸኩል አንድ ነገር ልበል። የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። በእንግሊዝም ቢሆን አብዛኛውን ረቂቅ የሚያመጣው መንግሥት ነው። ስለዚህ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ ማቅረቡ ነውር የለውም። ነገር ግን እዚያ ተራው አባልም ረቂቅ የሚያቀርብበት ዕጣ አለው፣ የሰጠው ድምፅም በስሙ ይመዘገባል። የእኛው አባል በእረፍቱ ወደ መራጩ ወርዶ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት የሚለውን ጥያቄ መዝግቦ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ይህን ከልባቸው ይሠሩታል። ጥያቄው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ገጽ ነው የጠፋው።

ይህን ሁሉ ኒው ዮርክ ከተማ ለሚኖሩ አንድ ጋሼ በስልክ ተረክኩላቸው። የታክሲ ሹፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «የኔን ሰውዬ እይልኝ እስቲ» አሉ። ከፈትኩት። ባለፉት ሁለት ዓመታት በራሱ ስም አቅርቦ ያስፈረመው ሕግ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገርኳቸው።

«ይሁና!» አሉ። «የሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ወረቀቴ ተበላሽቶ ሦስት ወር ስንከራተት ቢሮው ያለችው ልጅ ናት ደውላ ያስጨረሰችልኝ። እሱስ የት ላይ ተጽፏል?»

የትም አልተጻፈም። የወረዳ ቢሮው ለነዋሪ የሚያስጨርሰው ጉዳይ በሕግ መዝገቡ ላይ አይወጣም።

«እንግዲያው እመርጠዋለሁ» ብለው ዘጉት።