ክቡር መሐረብ

ባለፈው ቅዳሜ ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ ማይሶር ከተማ አውቶቡስ ተራ፣ ወንበሬን መሐረብ ቀማኝ። ባለቤቱ ውጭ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። መሐረቡ ብቻውን በመስኮት ገብቶ፣ ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ አገኘሁት። ላነሳው እጄን ስሰድ ተሳፋሪው ሁሉ በክፉ ዓይን አየኝ። ሰው ገፍትሬ ብጥል እንኳ እንዲያ የሚያዩኝ አይመስለኝም።

ለትምህርትም ይሁን ለሕክምና ደቡብ ሕንድን የረገጣችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ መሐረቡን በመስኮት የወረወረ ወንበሩን ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ አላማርርም። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። አንድ ቁራጭ ጨርቅ እንዲህ የተከበረበት አገር ሌላ የት አለ?

አውቶቡሱን ላስቀድም፤ እሱን የማመሰግነው ከልቤ ነው። በባንጋሎርና በማይሶር መካከል ሌት ተቀን አውቶቡስ አለ። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ከኋላው ቆሞ ይጮኻል። በ2023 እ.ኤ.አ. አዲሱ ፈጣን መንገድ ተመርቆ ከተሞቹን በጎን እያለፉ መብረር ተጀምሯል። ጠቀም ያለ ገንዘብ ያለው ባለ አየር ማቀዝቀዣውን ይይዛል። እዚያ ወንበሩ ቁጥር ስላለው መሐረብ ሥራ ፈት ነው። ኪስ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ማንም ጨርቅ ላብ ይጠርጋል። የመሐረብ መንግሥት ያለው በአሮጌው መንገድ፣ ቻናፓትናን፣ ማዱርንና ማንዲያን እየሳመ በሚሄደው ቀዩ ተራ አውቶቡስ ላይ ነው። በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር። ቁጥር የለ፣ ሰልፍ የለ። ያለው መስኮት ነው።

ባንጋሎር የቴክኖሎጂ ከተማ ነች ይባላል። ሬድባስ የሚባለው በኢንተርኔት የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ የተወለደው እዚያው ነው፣ በ2006። መሥራቹ ዲዋሊ ለሚባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል አገሩ ሊገባ ፈልጎ ትኬት አጥቶ ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። እኔ ግን አዝኜለታለሁ። ምነው መሐረብ አጥቶ ነው? መሐረብ ኔትወርክ አይፈልግ፣ ባትሪው አያልቅ፣ የይለፍ ቃሉ አይረሳ። የአገልግሎት ክፍያ የለውም። በመስኮት ወርወር፣ አለቀ።

እርግጥ ውርወራው ሙያ ይጠይቃል። ጀማሪ መሐረቡን እንዳለ ይለቀውና ጨርቁ ወለል ላይ ይወድቃል። አዋቂው ቋጠር አድርጎ ክብደት ይሰጠዋል፣ የቆመ አውቶቡስ አይጠብቅም፣ ገና እየገባ ያለውን እየሮጠ ያጎርሰዋል። የቢሮ ሰው ጋዜጣ ይወረውራል። የኮሌጅ ተማሪ ለጓደኞቹ በሙሉ በነፍስ ወከፍ ደብተር ይወረውራል። ምሳ ዕቃ የሚያስገባ አለ። ጃንጥላ የሚያስገባ አለ። ልጁን በመስኮት የሚያቀብል አባትም አለ፤ እሱን አልወቅሰውም፣ ልጁ ቢያንስ ይተነፍሳል።

አንድ የበዓል ዋዜማ ያየሁትን ካላወራሁ ግን ምስጋናዬ ጎደሎ ነው። ቦታው ባንጋሎር፣ ማጀስቲክ የሚሉት ትልቁ አውቶቡስ ተራ። ወንበር አንድ፣ መሐረብ ሁለት። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ጠርዙ ቡኒ የሆነ ነጭ። ሁለቱም ባለቤቶች ደረሱ። አጠገቤ የቆመ ተማሪ ክርክሩን እየተረጎመልኝ ነው የተከታተልኩት።

ባለሰማያዊው ነገሩን ባጭሩ ሊቋጨው ፈለገ። ከታች ያለ ነገር ከላይ ካለው በፊት ነው የተቀመጠው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ባለነጩ ግን ምስክር ጠራ። ሰማያዊው መጀመሪያ ወለል ላይ ወድቆ ነበር፣ አንድ ደግ ሰው አንስቶ ነው ወንበሩ ላይ ያደረገው አለ። ታዲያ የወደቀ መሐረብ መብቱ አብሮት ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። ደጉ ሰው ተፈልጎ መጣ። ሲያነሳው ሰማያዊውን ብቻ እንዳየ መሰከረ። ባለነጩ ይሄኔ ሌላ አመጣ። የኔ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነበር፣ አንተ ስታነሳ ተንሸራቶ ነው የወረደው አለ። መደገፊያ ላይ የዋለ መሐረብ ወንበር ይይዛል? ይህ ከዚህ በፊት ያልታየ ጉዳይ ሆነ።

መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ዳኛ ሆነው ተመረጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ይመስላሉ። መሐረቦቹን አልነኩም፤ ጎንበስ ብለው ብቻ መረመሩ። የትኛው በየትኛው መስኮት እንደገባ ጠየቁ። የአየሩን ሁኔታ ጠየቁ። በዚህ መሃል አንዲት ሴት መጥታ ከወንበሩ ሥር ጃንጥላ አወጣች። ከሁለቱም በፊት የገባው የኔ ነው፣ ተንከባሎ ነው እንጂ አለች። ክሱ ሦስተኛ ወገን ተጨመረበት። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። መተላለፊያው ላይ ሰው እንደ በርበሬ ታጭቋል። ወንበሩ ግን ባዶ ነው፤ ክርክር ላይ ያለ ንብረት ማን ይነካል?

በመጨረሻ ሽማግሌው ፈረዱ። እስከ ማንዲያ ሰማያዊው፣ ከማንዲያ እስከ ማይሶር ነጩ ይቀመጥ። ሴትየዋ በጃንጥላዋ ምክንያት ዕቃ ከሥር የማስቀመጥ መብቷ ተጠበቀላት። ባለነጩ ጮኸ። ማንዲያ ለማይሶር ይቀርባል እንጂ መሃል መንገድ አይደለም፣ እኔ የደረሰኝ ጅራቱ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ካርታ ማየት ይቻላል። ይግባኝ ጠየቀ። ትኬት ቆራጩ «ራይት! ራይት!» ብሎ አውቶቡሱን ደበደበው፣ አውቶቡሱም ወጣ። ሽማግሌው ይግባኙን ለመስማት ቆመው መቆየት እንደማይችሉ ገለጹ። ራሳቸው ሽማግሌው በሁለቱም መሐረቦች ላይ ተቀመጡ። ማይሶር ስንገባ ነቁ።

የቅዳሜው ግን አላሳቀኝም። ሻዩን ጨርሶ የመጣው ሰውዬ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጎኑ ላይ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ከቦርሳው ጎን መሐረቡ ተዘርግቶ ቀረ። «ሰው ይመጣል፣ ይመጣል» ይላል። ማንም አልመጣም። ልጅ ያዘለች ሴት ብረቱን ጨብጣ እስከ ማንዲያ ቆማ ሄደች። አንዱ ተሳፋሪ ቢነግረው ምን አለ? «እሷ በነፃ አይደል እንዴ የምትሄደው!»

ባንጋሎርና ማይሶር ባሉበት ክልል፣ በካርናታካ፣ ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክልሉ ሴቶች በተራ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳሉ። ጎረቤት ክልል ቴላንጋና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተከተለች፤ ሌላዋ ጎረቤት ታሚል ናዱ በከተማ አውቶቡሶቿ ከ2021 ጀምራዋለች። ነፃ ይባል እንጂ ሂሳቡን የሚሸፍነው የክልሉ መንግሥት ነው፣ ከግብር። ያቺ ሴት ሳሙና በገዛች ቁጥር ግብር ትከፍላለች። ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ሆስፒታል የምትደርሰው በዚህ አውቶቡስ ነው። አንድ ትኬት ቆርጦ ሦስት ወንበር የያዘው እሱ ነው በነፃ የሄደው። ሕፃን እያለቀሰ ጨርቅ ተደላድሎ ሲሄድ ማየት ያስጠላል። ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ለባለቤቱ ሲሰለፍ እያየን ነው ያደግነው። ጀሪካን ግን ያው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ወንበር አይጠይቅም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያቺ ሴት ዋጋው ዜሮ የሆነውን የነፃ ትኬቷን ለመቀበል መታወቂያ አሳይታለች። መሐረቡ ምንም አላሳየም። ትኬት ቆራጩ እያየው አለፈ። እዚህ ላይ ሕጉ ክፍተት አለው። ለምሳሌ ነፃው ጉዞ ሲጀመር፣ ከከተማ ውጭ በሚሄዱት አውቶቡሶች ግማሹ ወንበር ለወንዶች ይሁን ተብሏል። መሐረብ የሚቆጠረው ከየትኛው ወገን ነው? ጠርዙ ቡኒ የሆነው ወንድ፣ አበባ የተጠለፈበት ሴት ይባል? ለሁሉም መሐረብ መታወቂያ ይሰጠው እላለሁ፣ ጉርድ ፎቶ ያለው። ዕድሜው ሲደርስም ይምረጥ። አሁንም ቢሆን ከብዙ መራጭ ቀድሞ ወንበር የሚይዝ እሱ ነው።

ስለ ዝርዝር ገንዘብ ላወራ ነበር። መልሳችሁን ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ «ስትወርድ ትወስዳለህ» የሚላችሁን፣ ስትወርዱ ደግሞ ከአውቶቡሱ ጫፍ ሆኖ የማያያችሁን ትኬት ቆራጭ ማለቴ ነው። እሱ ሌላ ቀን ይመሰገናል። አሁን በስልክ ስለሚከፈል ሰሞኑን ሥራው ቀዝቅዟል።

ዘንድሮ ለትምህርት ለምትሄዱ ግን አንድ ምክር አለኝ። ሻንጣችሁ ውስጥ ቡናና በርበሬ ስትከቱ መሐረብ እንዳትረሱ። ነጠላ አትውሰዱ፤ ሰፊ ስለሆነ በመስኮቱ ብረት ይያዛል፣ ብሎም አውቶቡሱ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ልባሞቹ ሁለት መሐረብ ይይዛሉ፣ አንዱን ለወንበር፣ አንዱን ለላብ። እንዳታቀላቅሏቸው።