ክብር ለጌም ቀያሪው ጄኔራል

አንዳንዱ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ቤት ይቀይራል። የሰፈራችን ጄኔራል የሚቀይሩት ጦርነት ነው።

አንቱ የምላቸው በዕድሜ አይደለም። 26 ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩትም እናታቸው ቤት ነው። ግን በ3 ዓመት ውስጥ ወርልድ ኦፍ ታንክስ የሚባለውን የኢንተርኔት የታንክ ጌም 4 ጊዜ፣ ተፎካካሪውን ዋር ተንደርን 5 ጊዜ "በቃ፣ ላልመለስ ለቅቄያለሁ" ብሎ ያወጀን ሰው እንዴት አንተ ይባላል? እንኳን ጌም፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው እንኳ እንዲህ ደጋግሞ አላቆመም።

ጥበባቸውን ላስረዳችሁ። ወርልድ ኦፍ ታንክስ ላይ እያንዳንዱ ታንክ የሕይወት ነጥብ አለው፤ ሲመታ ይቀነሳል፣ ዜሮ ሲገባ ያልቅለታል። የጥይቱ ጉዳት ደግሞ ከተጻፈው ቁጥር እስከ 25 ፐርሰንት ድረስ እንደ ዕድልህ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጄኔራሉ ሲገድሉ ችሎታ ነው። ሲሞቱ ያቺ 25 ፐርሰንት ናት። "ይሄ ሎተሪ ነው እንጂ ጦርነት ነው? ታንክ ጭንቅላት ላይ ቁጥር ተጽፎ የት አየህ?" ብለው ይጮሁብኛል። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ይመስል አንገቴን እደፋለሁ።

ከዚያ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ዋር ተንደር ይሰደዳሉ። እዚያ የሕይወት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ጥይቱ ብረቱን በስቶ ከገባ፣ ፍንጣሪው ነጂውን ወይም ተኳሹን ያገኛል፤ የጥይት ክምችቱን ካገኘማ በአንድ ምት ቻው ነው። "እውነት ማለት ይሄ ነው!" እያሉ 2 ቀን ሰበኩን። በ3ኛው ቀን ቁጥቋጦ ሥር የተኛ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳን ሳያዩት፣ በአንድ ጥይት ሸኛቸው። እውነቱ ትንሽ በዛባቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ ሄል ሌት ሉዝ የሚባል ሌላ የጦርነት ጌም ላይ ነበሩ። 50 ሰው ከ50 ሰው የሚገጥምበት ነው። 10 ደቂቃ በእግራቸው ሮጠው፣ ግንባር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ወደቁ። "ይሄማ ማራቶን ነው" ብለው ዘጉት። አርማ 3 የሚባለውን የጦርነት ጌም ግን እስካሁን ያመሰግኑታል። ምክንያቱም ከፍተውት አያውቁም።

ደሞ ብቻቸውን አይደሉም። የእውነተኛነት ክርክር በዓለም ላይ ምን ያህል ጀግና እንዳፈራ ብታውቁ! በፈረንጆቹ 2021 አንድ የዋር ተንደር ተጫዋች፣ ጌሙ ውስጥ ያለው የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ ልክ አይደለም ብሎ ሲከራከር፣ ነጥቡን ለማስረገጥ ብሎ የታንኩን የጦር ሠራዊት ሰነድ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ዓመቱ ሳያልቅ የፈረንሳዩ ሌክለርክም ሰነድ እንዲሁ ወጣ። ሰላይ ስንት መከራ የሚያይበትን ምስጢር እነዚህ ሰዎች በነፃ ዘረገፉት፣ ያውም ክርክር ለመርታት ብቻ። ጄኔራላችን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሳቸው የሚያወጡት የመንግሥት ምስጢር ስለሌላቸው እስካሁን ይቆጫቸዋል።

አንድ ሰሞን ደግሞ የጣልያንን ጦር መረጡ። አዎ፣ የጣልያንን። ዋር ተንደር ላይ ጣልያንን የመረጠ ሰው መጀመሪያ ከሚያገኛቸው ታንኮች አንዷ ኤል 3 ናት፤ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ አናቷ የማይዞር፣ 3 ቶን ገደማ የሆነች ሚጢጢ። ጄኔራሉ በሷ አንድ ምሽት ሙሉ ሲቀጠቀጡ አደሩ። ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ መጡና "ውሸት ነው! ታንክ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም፣ ጣልያንን ሆን ብለው አድክመውታል" አሉኝ። ጌታዬ፣ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1928 ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች እኮ የዚችኑ ዘመዶች ከጎንና ከኋላ ከበው፣ ላያቸው ላይ ወጥተው ነው ያንበረከኳቸው። መሣሪያዋ ወደፊት ብቻ ነው የሚያየው፣ በጎን የመጣባትን አታገኘውም። አያቶቻችን ያለ ማውስ፣ ያለ ኢንተርኔት የደረሱበትን ድክመት ጄኔራሉ "ባግ ነው፣ የጌሙ ስህተት ነው" ብለው ሪፖርት አደረጉ።

ስለ ፒንግማ፣ ማለትም ትዕዛዝህ ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ስለሚፈጀው ጊዜ፣ ባላነሳው ይሻል ነበር። እሳቸው አዲስ አበባ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ። "ተኩስ" ያሉት ትዕዛዝ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ጠላት ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ ይነሳል። ታዲያ አንድም ቀን ፒንጉን ወቅሰው አያውቁም፤ ጥፋቱ ምንጊዜም የጌሙ ነው። ሌላ ጌም ሲገቡም ፒንጉ ያው 190 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ በር ላይ ይቀበላቸዋል።

የኢኮኖሚ አስተዋጽኦአቸውም አይረሳ። ሁለቱ የታንክ ጌሞች በነፃ ናቸው ይባላል፤ ለእሳቸው ግን ቨርጂኒያ ያሉት አክስታቸው በየገና በዓሉ በካርዳቸው ጌሙ ውስጥ በገንዘብ የሚሸጥ አንድ ታንክ ይገዙላቸዋል። እትዬ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈሉ እየመሰላቸው። ታንኩ ሳምንት ሳይሞላው ጄኔራሉ ጌም ይቀይራሉ። አሁን በየጌሙ ጋራዥ ውስጥ ቆመው የቀሩትን ታንኮች ብንሰበስብ አንድ ክፍለ ጦር ይወጣቸዋል።

አንዴ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ስለ አንዱ ጌም የጻፉትን ክስ አነበብኩት። "የማይረባ፣ ጊዜያችሁን እንዳታባክኑ" ይላል። ስቲም ደግሞ ነገረኛ ነው፣ የተጫወትከውን ሰዓት እዚያው ጎን ይጽፍብሃል። 1,900 ሰዓት። አንድ ነገር የማይረባ መሆኑን ለማረጋገጥ እንዲህ የደከመ ሰው ከወዴት ይገኛል?

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ለሰስ ብሏል።

"ስማ፣ ወርልድ ኦፍ ታንክስ ይሻላል ለካ።"

"ሎተሪ ነው አላልክም?" አልኩ። ደንግጬ አንተ አልኳቸው።

"ቢሆንም ሎተሪ ይደርሳል እኮ አንዳንዴ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው ባክህ። እያወረድኩት ነው፣ 83 ፐርሰንት ደርሷል።"

ይህን እንዳሉ ሰፈራችን ላይ መብራት ጠፋ። እኔም ቤት ጨለመ፣ እሳቸውም ቤት ጨለመ። ለትንሽ ጊዜ ስልኩ ላይ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኝ ነበር።

"አየህ?" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ጌም ድሮም እንዲህ ነው።"