ትንሽ ነገር ናት፣ አትከብድሽም

አቦ ዛሬስ ልተንፍሰው። የሰው አደራ ተሸክሜ ፍራንክፈርት ከደረስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ለዚህ ጉዞ የምር ተዘጋጅቼ ነበር። እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ነው ከድሬዳዋ የምሄደው። ከአዲስ አበባ በኋላ ያለው ሌሊቱን ሙሉ በረራ ስለሆነ፣ እንደ ሰው ተመችቶኝ ልድረስ ብዬ ከወር በፊት ጀመርኩ። መተላለፊያ ዳር ያለ ወንበር አስቀድሜ መረጥኩ። ብዙ ሲቀመጡ እግር ያብጣል፣ መነሳት መንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የተኛ ሰው ጉልበት እየተሻገርኩ ሽንት ቤት መሄድ አልወድም። ሰፋ ያለ ሱሪ ገዛሁ። የአስም መድኃኒቴን በእጅ ቦርሳ አደረግኩ፤ ሻንጣ ቢዘገይ አስም አይጠብቅም። የፓስፖርቴን ፎቶ ለእህቴ ላክሁ። ቅባቱን፣ ሽቶውን፣ ምኑን ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ገልብጬ ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ከተትኩ። ቅባት ግድ ነው፤ የአውሮፕላን አየር ደረቅነቱ ድሬ ላደገ ቆዳም ይከብዳል። ፓወር ባንኬም እጄ ላይ። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሳ የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ማን ገብቶ ያጠፋዋል?

ጆሮዬን እንኳ አስቤበታለሁ። ድሬ ተወልዶ ሐረር የተመላለሰ ሰው ጆሮ መደፈን ምን እንደሆነ ያውቃል። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ጧ ይላል፣ ስትወርጂ ይብስበታል። አውሮፕላንም ያው ነው፣ የሚያስቸግረው ለማረፍ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ማስቲካ ያዝኩ፣ ሊያርፍ ሲልም ላልተኛ ወሰንኩ። (እግረ መንገዴን፦ ቦይንግ 787 የቱንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። ሐረር ጀጎል ቁጭ ብለሽ ቡና እየጠጣሽ ነው በዪው። ይሄን ሳነብ ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ።)

ሁለት ሻንጣ ይፈቀድልኛል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱን እናቴ ለአራሷ ሞላችው፤ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ ሽሮ። ይገባል፣ አልከፋኝም። የኔን መዘንኩት፣ 16 ኪሎ። ሰባት ኪሎ ትርፍ! ያን ማታ እንደ ንግሥት ተኛሁ።

ከዚያ ሰፈር ሰማ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። (እናቴ ናት። አውቃለሁ።)

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፣ ሦስት ኪሎ በርበሬ ይዘው። «ትንሽ ነገር ናት፣ አትከብድሽም። ለልጄ ለፋሲካ ትድረስላት።» በማግስቱ የአጎቴ ሚስት ከሐረር ደንገጎን አቋርጣ ወረደች፤ ቡናና ሐልዋ። ለማን? ለጓደኛዋ ልጅ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታልሽ እስቲ ፊት ለፊት እምቢ በያት!

ከዚያ ቅቤ መጣ። በሚያዝያ፣ ድሬዳዋ ላይ! ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ቅቤ የለም፣ ዘይት ነው ያለው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ጀርመን ይዞ መግባት ለመንገደኛ አይፈቀድም ብዬ አስረዳሁ። «ማን አይቶ? የሀበሻ ቅቤ እኮ መድኃኒት ነው» ተባልኩ። መለስኩት። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ እናቴን በቅጡ ሰላም አይሏትም።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ? «ቦታ አለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታስሮ፣ ተጠቅልሎ፣ ስም ተጽፎበት ነው የሚመጣው። አደራ ይልሻል ደግሞ። አደራ ከተባለ በኋላ እንዴት ትተሽው ትሄጃለሽ?

ኪሎው ቢተርፍም ቦታው ጠበበ፤ በርበሬው ሲገባ ጃኬቴ ወጣ። ቡናው ሲገባ ሹራቤና ቡት ጫማዬ ወጡ። ፍራንክፈርት ደግሞ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ምን ላድርግ፣ ያወጣሁትን ሁሉ ለበስኩት። ሰፊ ሱሪ፣ ምቹ ጉዞ ስትል የነበረችው ሴትዮ በድሬ ሙቀት ሹራብ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርባ፣ ቡት አጥልቃ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ልጁ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝና «እህት፣ ወባ ነው?» አለኝ።

ኤርፖርት ስደርስ ፈታሿ ጠየቀችኝ። «ሻንጣውን ያዘጋጀሽው ራስሽ ነሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ሰው አድርሺልኝ ብሎ የሰጠሽ ዕቃ አለ?»

«የለም።»

ይቺን ጥያቄ ስንቶቻችን ነን እንዲሁ የምናልፋት? ሻንጣሽ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ያንቺ ነው። «የእትዬ እገሌ ነው» ብትዪ ማን ይሰማሻል?

ሻንጣዬ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ገባ። «ባትሪ አለው፣ ይከፈት።» እኔ ሆዬ ደረቴን ነፍቼ ፓወር ባንኬን ከእጅ ቦርሳዬ አወጣሁና «ይኸው፣ እኔ እኮ ሕጉን አውቃለሁ» አልኩ።

«ሌላ አለ» አለች።

ቆሎው ውስጥ ነበር። ልወጣ ስል አንድ የሰፈራችን አባት «ቆሎ ናት፣ ለልጄ» ብለው ያቀበሉኝ ጥቁር ፌስታል። ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል። ውስጡ ሌላ ፌስታል፣ እሱም ውስጥ ሌላ። ልጅቷ በመቀስ ስትቀደው ገብሱ ጠረጴዛው ላይ ተንጣጣ፣ ሱፉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከመሀል በካልሲ የተጠቀለለ ስልክና ፓወር ባንክ ወጣ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። የውስጥ ልብሴ ከላይ ተዘርግቷል። በዚያ ጃኬት ውስጥ ላቤ እስከ ቡቴ ይወርዳል። ልጅቷ አልተቆጣችም። ቀና ብላ «የለም አላልሽኝም?» አለች፣ በቃ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰውዬውን ደውዬ ብጠይቃቸው «መንገድ ላይ እንዳይሰርቁሽ ብዬ ነው የደበቅኩት» አሉኝ። ለኔ አስበው እኮ ነው! ፓወር ባንክ ሆኖ ተረፍኩ። ጫት ቢሆንስ? እኛ ጋ በየደጁ ተነጥፎ የሚሸጠው እዚህ ወንጀል ነው። አራስ ልጠይቅ መጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ላድር ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥማ ምን ልበላችሁ። መተላለፊያ ዳር ተቀመጥኩ፣ ማስቲካዬን አኘክሁ፣ ጆሮዬም አላመመኝ። ግን ልብሴም ጸጉሬም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሦስት ጊዜ አስነጠሰው።

ለፋሲካ ትድረስላት የተባለችው በርበሬ በአምስት ቀን ቀድማ ደረሰች። ለልጅቷ ደወልኩላት። «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ሥራ በዝቶብኝ መምጣት አልችልም፤ በፖስታ ላኪልኝ» አለችኝ። የፖስታውን ማን ይከፍላል? ስልኩ ዝም። ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ።

ትናንት ፌስታሉን ፈታሁና ለአራሷ ዶሮ ሠራሁበት። እትዬ፣ ይሄን ካነበቡ አይቀየሙኝ። በርበሬዎ አንደኛ ነው።