የኦርጋኒክ አትክልት ዕጣ የሚወሰነው ማጀት ውስጥ ነው

ስለ ኦርጋኒክ አትክልት ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ «ተረጨበት ወይስ አልተረጨበትም» የሚል ነው። ጸረ ተባይ መርጨት ማቆም ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። አትክልት እያመረተ የሚተዳደርን ቤተሰብ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ወደ ዩሪያ የሚመልሰው የመሬቱ መራቆት ነው። መሬቱ የሚራቆተው ደግሞ እበቱ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ሲነድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት የሚያለማ ቤተሰብ ለአንድ ካሬ ሜትር ቢያንስ 2 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት፣ ማለትም ከእበትና ከቅጠል ተከምሮ የበሰበሰ ማዳበሪያ፣ ያስፈልገዋል። ይህ ለአንድ ምርት ብቻ 50 ኩንታል ነው፤ በመስኖ ሁለት ጊዜ ካመረተ እጥፍ ይሆናል። የአገራችን ላም በቀን 10 ኪሎ ገደማ እርጥብ እበት ትጥላለች፤ ግማሹ ግጦሽ ላይ ይቀራል። አራት ከብት ያለው ቤት ከበረቱ በዓመት የሚዝቀው 70 ኩንታል ቢሆን ነው፤ ሲበሰብስ ክብደቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጉድለቱን ገለባ፣ አረምና የአጥር ቅጠል ሞልቶ ለአንዱ ምርት ያደርሰዋል፤ ለሁለተኛው ባቄላ ወይም አተር እያፈራረቁ መዝራት ግድ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን እበቱ በሙሉ ከክምሩ ከገባ ነው። ግማሹ ከተጠፈጠፈ ሒሳቡ አይሞላም። ኩበት ሲነድ ተክሉን የሚያሳድገው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ነው። አመዱም ቢሆን በሁሉም ቦታ አይጠቅምም፦ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት የጎጃምና የወለጋ ደጋ ጥሩ ነው፤ ጨዋማነት ባጠቃው የስምጥ ሸለቆ መሬት ግን ጉዳቱን ያባብሳል።

ኮምፖስት ሲባል ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ መርሳት የሚመስላቸው አሉ። ክምሩ ጥላ ሥር ይሠራል። ከታች አየር እንዲያስገባ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ ይነጠፋል፤ በላዩ ደረቅ ገለባ 20 ሴንቲ ሜትር፣ እርጥብ ቅጠል 10፣ እበት 5 ያህል፣ ከዚያ ስስ አፈር፤ እያንዳንዱ ንብርብር ውኃ ይጠጣል። ቁመቱ ሜትር ተኩል እስኪደርስ ይደጋገማል፤ መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ይተከላል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዝዞ ወዲያው መጨበጥ ነው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ደረቅ ሆኖ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ውኃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከገማ ውኃ በዝቶበት አየር አጥቷል፤ ደረቅ ገለባ እየጨመሩ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ያፈራ አረምና የሰርዶ ሥር ባይገባ ይሻላል፤ በደንብ ያልጋለ ክምር አረሙን መልሶ መደቡ ላይ ይዘራዋል።

ማገላበጡን ብዙዎች ይተዉታል፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የክምሩ ሆድ 55 ዲግሪ ሲደርስ ዳሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ዳር ላይ ያለው እበት ተገልብጦ ወደ መሐል ካልገባ በሽታ አምጪ ጀርሙ እንዳለ ከሰላጣው መደብ ይደርሳል። ያልበሰለ ፍግ የተበተነበትን ሰላጣ ጥሬውን መብላት ጸረ ተባይ ከተረጨበት ባልተናነሰ ያሳምማል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ከሚነካ ምርት አጨዳ ቢያንስ 120 ቀን ቀድሞ እንዲገባ የሚያዝዘው ለዚሁ ነው። ውኃውም እንዲሁ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት የአቃቂ ወንዝ የለማ ጎመን ምንም ሳይረጭበት ቢያድግም ኦርጋኒክ ሊባል አይገባም።

ወደ ማጀቱ ልመለስ። ኩበት የምትጠፈጥፈው እናት የምታደርገውን ታውቃለች፤ ማገዶ የላትም፣ የተረፈውን ገበያ አውጥታ ለጨውና ለበርበሬ ታውለዋለች። ሌላ ማገዶ ሳይሰጡ «እበቱን አታንድጂ» ማለት ግፍ ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ በባህላዊው ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። አራት ከብትና በቂ ውኃ ላለው ቤት ደግሞ በቀን 20 ኪሎ ገደማ እበት የሚገባበት ባዮጋዝ ለወጥና ለቡና የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፤ ናይትሮጅኑም አይጠፋም፣ በሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ ወደ ማሳው ይመለሳል። እንጀራው ግን ሌላ ምድጃ ይፈልጋል፤ ይህን ደብቆ ባዮጋዝን ማስተዋወቅ ቤተሰቡን ማሳሳት ነው።

የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ከወጣበት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ምርቱ ኦርጋኒክ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት በዋናነት ያገለገለው ወደ ውጭ የሚላከውን ቡናና ሰሊጥ ነው። ሰፈር ገበያ ሰላጣ ለሚሸጥ ቤተሰብ የውጭ መርማሪ የሚያስከፍለው ገንዘብ አይቻልም። በሌሎች አገሮች እንደሚሠራበት፣ ጎረቤት አምራቾችና ደንበኞቻቸው አንድ ላይ ሆነው ማሳ ለማሳ እየዞሩ የሚተያዩበት የጋራ ማረጋገጫ ይበቃዋል። ሲዞሩ የሚረጨውን ብቻ ሳይሆን የመስኖውን ምንጭና የክምሩን ሙቀት ይዩ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሪፖርትም ይቀየር። በዘመቻ የተቆፈረ የኮምፖስት ጉድጓድ መቁጠር ማሳው የደረሰውን ኩንታል አይነግረንም። የሚቆጠረው ማሳ የገባው ኮምፖስት ይሁን፤ ከአጠገቡም በዚያው ቀበሌ ኩበት ማንደድ ያቆሙ ቤቶች ቁጥር ይጻፍ። ለምድጃና ለባዮጋዝ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ማዳበሪያ ከሚገዛበት የግብርና በጀት ላይ ይነሳ።