የሚመለከተው አይጠየቅም፣ የማይመለከተው ይከለክላል

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የተዘጋ ፋብሪካ፣ ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት ወይም የተተወ መጋዘን ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ካለ ብሶቴ ይገባዋል። ሌላው ታግሶ ያንብብልኝ።

እኔ የማነሳው የቆሙ ነገሮችን ነው። የዛገ ማሽን፣ ጣራው የተገነጠለ አዳራሽ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የፈረቃ ሰሌዳ። ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት ቦታ ባዶ ሲቀር ምን እንደሚመስል ተመዝግቦ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። አደጋ የደረሰበት ቦታም እሄዳለሁ። ሁለቱን ሳስተያይ ነው የሚያንገበግበኝ። ማንም የማይጎዳበት ባዶ ግቢ ላይ ከልካዩ ብዙ ነው። ሰው ቤቱ የፈረሰበት ቦታ ላይ ግን ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ከፋብሪካው ልጀምር። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ ዘበኛ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ጥፋቱም የእሳቸው አይደለም። «ልጄ፣ ደብዳቤ አምጣ» ይላሉ። ከየት? «ከላይ።» ላይ ማን እንዳለ እሳቸውም አያውቁም። ወረዳ ስትሄድ ወደ ዞን ይመሩሃል። ዞን «ንብረቱ የእኛ አይደለም» ይልሃል። ባለንብረት ነው የተባለው መሥሪያ ቤት ስትደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ና። ነገ ስትመጣ መስክ ወጥተዋል። በስንት ልመና አንድ ሰው ይገኝና «ከየትኛው ሚዲያ ነህ?» ይላል። ከየትም አይደለሁም። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» እዚህ ላይ ጉዳዩ ያበቃል። ለራሱ ብሎ የሚሠራ ሰው ፎርም ላይ ቦታ የለውም።

ትራይፖድ ከያዝክማ አለቀልህ። በስልኩ የሚያነሳውን ማንም ልብ አይለውም። ባለሦስት እግር ማቆሚያ የዘረጋ ግን ወይ ቀያሽ ነው፣ ወይ ጋዜጠኛ ነው፣ ወይ ሌላ የከፋ ነገር ነው። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ካሜራው ብርሃን እስኪሰበስብ ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። በእጅ የሚሆን ነገር አይደለም። ይህን በር ላይ ቆሞ መሣሪያ ለያዘ ሚሊሻ አስረዳ እስቲ።

የጸጥታው ጉዳይ ይገባኛል። በእነዚህ ዓመታት አካባቢው ያየውን ያየ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ድልድይና ካምፕ አታንሳ ቢሉኝ እሺ ነው። «ጣራው ይወድቅብሃል» ቢሉኝም እሺ። እውነትም ያስፈራል። ወለሉ ከሥሩ በስብሶ ላዩ ደህና ይመስላል። የድሮ ጣራ ላይ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሲሰባበር ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ግን ይህን ብሎ የከለከለኝ ሰው አንድም የለም። ክልክል ነው፣ በቃ።

እኔ ደብዳቤ ስጠብቅ ማን እንደገባ ታውቃላችሁ? ብረት ገዢ ገባ። ማሽኖቹ በእሳት ተቆርጠው፣ በኪሎ ተመዝነው፣ ተጭነው ሄዱ። በየት አገር በስንት ዓመተ ምህረት እንደተሠሩ የሚናገረው የብረት ሰሌዳቸው እንኳ አልቀረም። ይሸጥ፣ አልከራከርም። ብረት ዝም ብሎ እየዛገ ከሚኖር ለሥራ ቢውል ይሻላል። ከመቆረጡ በፊት ለአንድ ቀን ፎቶ ቢነሳ ግን ማን ምን ይጎድልበት ነበር? ያ ማሽን ላይ ጣቱን ያጣ ሰው እዚያው ከተማ ይኖራል። ልጆቹን በዚያ ደመወዝ አስተምሯል። የልጅ ልጁ «አያቴ የት ነበር የሚሠራው?» ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም።

ጀርመን ውስጥ በርንድ እና ሂላ ቤኸር የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት አንድ ሥራ ሠሩ። የውሃ ማማ፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃ፣ የማዕድን ጉድጓድ ማማ እየዞሩ አነሱ። ደመናማ ቀን ይመርጣሉ። ፊት ለፊት ቆመው፣ ጥላ ሳያጠላ፣ ሰው ሳይገባበት። ካነሷቸው ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ፎቶዎቹ ግን ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አሉ። እዚያው አገር ኤሰን ከተማ ያለው የሶልፈራይን የድንጋይ ከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1986 ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ደመና እንደሆነ እኛ ጋ ሞልቷል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ የሚገኘውን ልስልስ ብርሃን ያየ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንም ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በየአቅጣጫው አዲስ ይገነባል። የአዲሱ ምረቃ በስንት ካሜራ ይነሳል። የአሮጌው መጨረሻ ለምን በአንድ ካሜራ እንኳ አይነሳም?

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ዋናው ብሶቴ እዚህ ነው።

አጣዬ በ2013 ሚያዝያ ስትቃጠል ምን እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ሰው አልነግረውም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ካሜራ ግን ልናገር። መኪና ይቆማል። ሰው ይወርዳል። የተጨማደደ ቆርቆሮ ፊት ይቆምና ይነሳል፣ ወይ አመዱ ውስጥ ዕቃዋን የምትፈልግ ሴትን ከኋላዋ ያነሳል። ሰላም አይላትም። ስሟን አይጠይቅም። ተሳፍሮ ይሄዳል። ማታ ፌስቡክ ላይ የሐዘን ዘፈን ተደርጎባት ትወጣለች።

በእኛ አገር ሰው ግቢ «ቤቶች!» ሳይባል አይገባም። በሩ ስለተቃጠለ ነው እንዴ «ቤቶች» ማለት የቀረው? የፈረሰ ቤት እኮ ባለቤት አለው። ያ የቆማችሁበት አመድ ማድቤት ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ያላነሳኝ የለም፣ የት እንዳደረሱኝ ግን እንጃ» ብለውኛል። «የት እንዳደረሱኝ» ነው ያሉት። ፎቶው ራሳቸው ናቸውና።

ደብረ ብርሃን ባሉ ተፈናቃዮች ላይም ያው ነው። ዱቄትና ዘይት ለመቀበል ከባነር ፊት ቆሞ መነሳት አለ። የትናንት ገበሬ፣ ጎተራው ሙሉ የነበረ አባወራ፣ ጆንያ አቅፎ ወደ ካሜራ እይ ይባላል። እምቢ ቢልስ? እምቢ የሚልበት አቅም የት አለው? እዚያ ቦታ ግን «ደብዳቤ አምጣ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ሕጉ እኮ አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል። ታዋቂ ሰው ሲሆን፣ ፍርድና ፖሊስ ሲፈልጉት፣ ለሳይንስና ለትምህርት ሲሆን፣ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ሲሆን። አደጋው ሕዝብን ይመለከታል፣ እሺ። ፈርሶ የቀረ ማድቤቷ ውስጥ የተቀመጠች ሴት እንባ ግን ምኑ ነው አደባባይ? ለዛገ ማሽን እኮ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም! ጥበቃ የቆመለት ግን እሱ ነው።

አደጋን አታንሱ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ይነሳ። በ1953 ግንቦት እዚሁ እኛ ጋ ያለችው የማጀቴ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። የዛሬ ልጅ ይህን የሚያውቀው በጊዜው ተዙሮ ስለተመዘገበ ነው። የአዲስ አበባውን የምድር ፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው ባይጽፉት ኖሮ ከሽማግሌ ወሬ በቀር ምን ይቀረን ነበር? በ1998 መስከረም ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ስንት ቤት ፈረሰ፣ ስንት ሰው ተፈናቀለ። እንዲህ ያለ ተዳፋት በየክረምቱ መጨረሻ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢነሳ ስንጥቁ ዓምና የት ነበር፣ ዘንድሮ የት ደረሰ የሚለው በዓይን ይታያል። ይህ ለገበሬውም ለባለሙያውም ይጠቅማል። ፊት አያስፈልገውም፣ እንባ አያስፈልገውም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የእኛም ቆላ ወገን ተነቃንቋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ቀን ተጽፎበት፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ የተነሳ ፎቶ ስንት አያችሁ? የተደናገጠ ሰው ቪዲዮ ግን ሞልቶ ነበር።

ለመሥሪያ ቤቶች የምለው ይህ ነው። የተዘጋ ግቢ ለማንሳት ማን እንደሚፈቅድ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። የማይነሳውን ለዩ፣ የቀረውን ልቀቁ። ንብረት ከመሸጡ በፊት ይነሳ፤ የሚያነሳ ካጣችሁ እኔ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ካሜራ ለያዛችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ስም ጠይቁ። ካነሳችሁ በኋላ ስልኩን አዙራችሁ አሳዩአቸው። «ይህን አታውጣው» ካሉ እዚያው ፊታቸው አጥፉት።

ሌላ የድሮ ግቢ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ደብዳቤ ፍለጋ መዞሬ አይቀርም። እስከዚያው አባቱ ወይም እናቱ በሰሜን ሸዋ ፋብሪካዎች የሠሩ ሰው ካለ የድሮ ፎቶ ያስቀምጥልኝ። የፈረቃ፣ የሜይ ዴይ፣ የጡረታ ሽኝት፣ ምንም ይሁን። ማን እንደሆኑና በስንት ዓመተ ምህረት እንደተነሱ ከጀርባው ይጻፍበት። ቤታችሁ ድረስ መጥቼ፣ «ቤቶች!» ብዬ፣ እዚያው ቅጂውን አንስቼ እመልሳለሁ።