ሁለት ጎማ ወይስ አራት

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አሜሪካ፣ ሻርሎት የመጣች ሰሞን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ፣ እኔ እንደ ልማዴ ናስካር፣ የአሜሪካኖቹን የመኪና ውድድር፣ ከፍቼ ተተከልኩ። እማዬ ፈንዲሻዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላ አየችና፣

«ልጄ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«የትም አይሄዱም እማዬ። ይዞራሉ።»

«ስንት ዙር?»

«267።»

«ኧረ በሥላሴ! ወደ ግራ ብቻ?»

ወደ ግራ ብቻ። የላስ ቬጋስ ውድድር ነበር። ዴኒ ሃምሊን አሸነፈ፤ በዕድሜ ዘመኑ 60ኛው ድሉ። እማዬ መጀመሪያ ሲያሸንፍ ያየችው ሰው እሱ ስለሆነ በቃ፣ «የኔ ልጅ» አለችው። 60 ጊዜ አሸንፎ የዓመቱን ዋንጫ አንድ ጊዜም አንስቶ እንደማያውቅ ስነግራት ደግሞ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወዲያ ለቀቅ አላደረገችኝም። «ያ ምስኪን ልጅ ዛሬ ይነዳል?»

ጓደኞቼ አርሰናል ነው የሚያዩት። ናስካር አያለሁ ስል እንደታመመ ሰው ያዩኛል። ሻርሎት እየኖርክ ግን ምን ታደርጋለህ? አብዛኞቹ ቡድኖች ጋራዣቸው እዚሁ አካባቢ ነው። የሃምሊን ቡድን ጆ ጊብስ ሀንተርስቪል፣ ሌላው ቡድን ሄንድሪክ ደግሞ ኮንኮርድ።

እማዬን በጣም የገረማት መኪናው ነው። ሃምሊን የሚነዳው ቶዮታ ካምሪ ነው። እኔም የምነዳው ካምሪ ነው። በዚህ ትንሽ ልኮራ ስል፣ የሱ ካምሪ የፊት መብራት ስቲከር መሆኑን፣ በሩም እንደማይከፈትና ሹፌሩ በመስኮት እንደሚገባ ነገርኳት። «በመስኮት የሚገባ ሌባ ነው» አለች። ናስካር የሚነዳው ስቶክ ካር ይባላል፤ ስቶክ ካር ማለት እኮ ድሮ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚነዳ መኪና ማለት ነበር። ያኔም ቢሆን ውሸት ነበር እንጂ። በፈረንጆቹ 1949 እዚሁ ሻርሎት የዚህ የዋንጫ ውድድር የመጀመሪያው ሲደረግ፣ ቀድሞ የገባው ግሌን ደናዌይ የኋላ ባሌስትራው ተነካክቷል ተብሎ ድሉን ተነጠቀ። መኪናው ለካ የድብቅ አረቄ ማመላለሻ ነው፤ ሸክሙ እንዳይታወቅ ነበር የተነካካው። እማዬ በዚህ አልተገረመችም። አረቄና ፍጥነት ድሮም አብረው ነው የሚሄዱ።

ስለ ድሮው መካኒክ ስለ ስሞኪ ዩኒክ ስነግራት ግን ከልቧ ሳቀች። ደንቡ የነዳጅ ታንከሩን መጠን ይወስናል፤ ሰውዬው ታንከሩን አልነካም። ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ግን አወፍሮና አስረዝሞ 5 ጋሎን ያህል ቤንዚን እንዲይዝ አደረገው ይባላል። ደንቡ ስለ ቱቦ ምንም አይልማ! «ይሄ ሰው ጠበቃ መሆን ነበረበት» አለች።

እኔ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር እወዳለሁ፣ እውነቴን ነው። ጭንቅላት ይፈልጋል። የማልወደው በ2013 ሪችመንድ ላይ እንደተደረገው ያለውን ነው፤ የቡድን ጓደኛውን ለመጥቀም ሹፌሩ ክሊንት ቦየር ሆን ብሎ መኪናውን አሽከረከረና ቢጫ ባንዲራ (ሁሉም ቀስ ብለው እንዲሰለፉ የሚያደርገውን) አስወጣ የተባለበት። ከዚያ በፊት እሱና ቡድኑ በሬዲዮ የተነጋገሩት ስለ ክንድ ማሳከክ ነው፤ ምልክት ነው ተባለ። ቡድኑ 300 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ለማከክ ውድ ነው።

የሹፌሩ የሮስ ቻስቴይን ግን ሌላ ነው። በ2022 ማርቲንስቪል፣ የመጨረሻው ዙር፣ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መሪውን ለቆ፣ ግድግዳውን እየላገ አምስት መኪና አለፈ። ሐሳቡን ያገኘው ልጅ ሆኖ ከተጫወተው የቪዲዮ ጌም ነው። ቪዲዮውን ለእማዬ በስልኬ አሳየኋት። «የሳሪስ ሚኒባስ ነው» አለች። ቀጥላ፣ «ማን ተጎዳ?» አለችኝ።

«ሃምሊን። ለዋንጫ ከሚያልፉት ወጣ።»

«ደግሞ እሱ!» ስኒዋን ቆማ አስቀመጠች። ድርጊቱ በኋላ ተከልክሏል ብላት አልተጽናናችም። ለሃምሊን ምን ይፈይዳል?

ከዚያ ጥቅምት 23 መጣ፤ በነሱ ኖቬምበር 2 ቀን 2025። ፊኒክስ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ዓመቱን ሙሉ 35 ውድድር ትሮጣለህ፣ በመጨረሻው አራት ሰው ይቀራል፣ ከአራቱ በዚያች ቀን ቀድሞ የገባ ዋንጫውን ይወስዳል። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ የወጣን ተማሪ በመዝጊያው ቀን ከሦስት ልጆች ጋር አሰልፈህ በአንድ ጥያቄ ይለይለት እንደ ማለት ነው። ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፤ ለሰው አይደለም።

ሃምሊን እየመራ ነው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «ስንት ዙር ቀራቸው?» «አስር።» «አሁንስ?» «ስድስት።» ሦስት ሲቀር የዊልያም ባይረን ጎማ ተነፈሰ፣ መኪናው ግድግዳ መታ፣ ቢጫ ወጣ። ሁሉም ለጎማ ገቡ። የካይል ላርሰን (እሱም ከአራቱ አንዱ ነው) ቡድን ቶሎ እንዲወጣ ሁለት ጎማ ብቻ ቀየረለት። የሃምሊን ቡድን አራቱንም። ሲወጡ ላርሰን አምስተኛ፣ ሃምሊን አስረኛ። ተጨማሪ ሁለት ዙር ተሰጠ፤ ላርሰን ሦስተኛ፣ ሃምሊን ስድስተኛ ሆነው ገቡ።

«ዋንጫው የማን ነው?»

«የላርሰን።»

«አንደኛ የገባው እሱ ነው?»

«አይ፣ አንደኛ ብሌኒ ነው። እሱ ከአራቱ አይደለም፤ የዛሬውን ብቻ ነው ያሸነፈው።»

«ላርሰን ስንት ዙር መራ?»

«አንድም።»

«የኔ ልጅስ?»

«ከ319ኙ 208።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም?» አለች። (ሽማግሌው የሰማት ይመስለኛል፤ ለ2026 ያንን ደንብ ጣሉት፣ የመጨረሻዎቹ አስር ውድድሮች ነጥብ ይደመራል ተባለ። ለሃምሊን አንድ ዓመት ዘግይቶ።)

እኔ ግን በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎሚስታው የካምሪዬን ጎማዎች አይቶ «አራቱም አልቀዋል» ሲለኝ፣ የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ ቀይሬ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ «አራቱን ቀይር» ስትለኝ ሰንብታለች። ቡናውን እየቀዳች ሳለች ዞር አልኩላት።

«አየሽ? ሁለት የቀየረው ነው ያሸነፈው።»

«እሱ የቀረው ሁለት ዙር ነበር» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሀይዌይ 85 ላይ፣ የኋላው የቀኝ ጎማ ጧ! አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ድርብ ፍሬቻውን አበራሁ፤ ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ትስቃለች። እማዬ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አስተካክላ ወደኔ ጎንበስ አለች።

«ስንት ዙር ቀረን?»